ጅራቱ የሚጨፍረው ተሳቢ

ተሳቢው ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ግራ ሲጎትታቸው ዋፊቃ ጭኗ ላይ የያዘችውን የቅመም ባልዲ ለቀቀችና የበሩን እጀታ ጨበጠች። ባልዲው እግሯ ሥር ተገለበጠ። የፒክአፑ ጋቢና እርድ በእርድ ሆነ።

«ሪድዋን፣ ጅራቱ እየጨፈረ ነው።»

«ይጨፍር። የምንሄደው ሰርግ አይደል?»

ከሐረር ወደ አወዳይ በሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ላይ ነበሩ። ተሳቢው በግራው መስታወት ብቅ ይልና ይጠፋል፤ ወዲያው በቀኙ ብቅ ይላል። ሪድዋን ሁለቱን መስታወቶች እያየ በመሪው ያሳድደዋል። ጅራቱ ወደ ግራ ሲሄድ ወደዚህ፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደዚያ። ሁልጊዜም ትንሽ ይዘገያል። አንድ የጫት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ በአጠገባቸው ሲያልፍ ንፋሱ ተሳቢውን ገፋው። ሪድዋን እንደ ልማዱ ፍሬኑን ረገጠ።

ፒክአፑ ለመቆም ተስማማ። ተሳቢው አልተስማማም። የፒክአፑን ጀርባ ገፍቶ አዞረውና ሁለቱም አስፋልቱን አግድም ዘግተው ቆሙ። ከኋላ አንድ የውሃ በርሜል ወደቀ። አንድ የድስት ክዳን ዘሎ ወረደና በጠርዙ እየተንከባለለ ብቻውን ወደ አወዳይ ቀጠለ።

ሰው አልተጎዳም። ዋፊቃ ወርዳ ድስቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ከዚያ ቀሚሷ ላይ ያለውን እርድ እያራገፈች ወደ ባሏ መጣች።

«ስማኝ። ይሄ ጅራት አንዴ ደግሞ ሲወዛወዝ ካየሁ፣ ድስቶቼን አንዋር መኪና ላይ ነው የምጭነው።»

«ባልሽ እኔ ነኝ እኮ።»

«አንተ ባሌ ነህ። ድስቶቹ ግን አላገቡህም።»

ሪድዋን ሳቀ። ዋፊቃ አልሳቀችም። ሪድዋንም ሳቁን አቋረጠ።

ሪድዋን አቦከር ሰፈር ውስጥ ድንኳንና ወንበር ያከራያል። ሐረር ውስጥ ድንኳን አከራይ ሞልቷል። የሁሉም ድንኳን ነጭ ነው፤ የሁሉም ድንኳን ዝናብ ያስገባል። ለሪድዋን የሚደውል ደንበኛ ስለ ድንኳኑ አይጠይቅም። «የዋፊቃ ድስት ይመጣል?» ነው የሚለው። ይመጣል ከተባለ ድንኳኑንም አብሮ ይከራያል።

ድስቶቹ ዋፊቃ ጂጅጋ ድረስ ሄዳ መርጣ ያመጣቻቸው ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሙክት ከነሩዙ ይውጣሉ። ዋፊቃ ያለ ሪድዋን ድንኳን ሰርግ ልትሠራ ትችላለች። ሪድዋን ያለ ዋፊቃ ድስት የሚጠራው የለም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ሪድዋን ግን ማወቁን በአደባባይ ተናግሮ አያውቅም።

ሦስተኛው የሚያውቅ ሰው አንዋር ነው። አንዋር የሪድዋን ተፎካካሪ ነው። አይሱዙ አለው፣ ድንኳን አለው፣ የሚጎድለው ድስት ነው። ዋፊቃን መንገድ ላይ ባገኛት ቁጥር «ድስቶቹ ደህና ናቸው?» ይላታል። ስለ ባሏ ጤና ጠይቆ አያውቅም።

ሪድዋን የተወለደው በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ ነው። አባቱ በጀጎል ጠባብ መንገዶች የሰርግ ዕቃ በአህያ ያመላልሱ ነበር። ልጁ በአህያ አፈረና ድሬዳዋ ወርዶ መንጃ ፈቃድ አወጣ። ከዚያ በአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌርነት ተቀጥሮ ጡረታ እስኪወጣ ሠራ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም አደጋ አላደረሰም። መኪናዋ የዚያን ዘመን አብዛኛውን ያሳለፈችው ጋራዥ ውስጥ ቆማ መለዋወጫ ስትጠብቅ ነው። ሲሸኝ የተሰጠው «ያለ አደጋ ያገለገለ» የሚል የምስክር ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ስለ መኪና ክርክር ሲነሳ ሪድዋን አይናገርም። ወደ ግድግዳው ያመለክታል።

በጡረታው ፒክአፕ ገዛ። አንዋር አይሱዙ ሲገዛ ደግሞ፣ መልስ መስጠት ስላለበት፣ ተሳቢ አሠራ። የሰፈሩ በያጅ ከአንዲት የሞተች መኪና የኋላ ጎማዎቹን ከነማያያዣቸው አውጥቶ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ አደረጋቸው። አረንጓዴ ተቀባ። ከኋላው በነጭ ቀለም «ቀስ ብለህ ንዳ» ተጻፈበት። ጽሑፉ ያለው ከኋላ ስለሆነ የሚያነቡት ሌሎች ሹፌሮች ናቸው።

አጫጫኑን ግን ከአባቱ ወርሷል። ተሳቢ ጀጎል ውስጥ አይገባም። ከበሩ ውጭ ይቆማል፤ ዕቃው በሰው ትከሻ በጠባቡ መንገድ ይሄዳል። ባለሰርጉ ቤት መጀመሪያ የሚፈለገው ውሃና ድስት ነው። ሥጋው መጣድ፣ ሩዙ መታጠብ አለበት፤ ድንኳኑ ቆይቶ ይደርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወርደው መጨረሻ ይጫናል። ወንበሮቹ ፒክአፑ ላይ፣ ሸራውና ቀጫጭን ብረቶቹ ከተሳቢው ፊት፤ ድስቶቹ፣ የብረት ምድጃዎቹና እስከ አፋቸው ውሃ የተሞሉት ሁለት በርሜሎች ከጅራቱ። ሐረር ውስጥ ሰርግ ደግሶ ቧንቧን የሚያምን ሰው ስለሌለ ውሃው ከቤት ይጫናል።

ይህ ሕግ ነው። የአባቱ አህዮች በዚህ ሕግ ሠርተው አንድ ቀንም ከመንገድ ወጥተው አያውቁም።

ጭነቱ ሲያልቅ የተሳቢው ጅራት ዝቅ፣ አፍንጫው ከፍ ይላል። ከፒክአፑ ጋር የተያያዘበት ጋንቾም ወደ ላይ ይሳባል፤ ፒክአፑ ከኋላው ብድግ ይላል። ሪድዋን ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል። «አያችኋት? ቀለላት» ይላል።

ከአወዳዩ ሰርግ በማግስቱ ጉዳዩ በርጫ ላይ ቀረበ።

የሪድዋን ሳሎን ከሰዓት በኋላ ጫት ይቃምበታል። ሰዎቹ በየመደቡ እንደ ዕድሜያቸው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሁሉም ዝም ብሎ ይቅማል። ቀጥሎ ይከራከራል። ምርቃናው ሲመጣ ሁሉም ይስማማል፤ የተስማሙበትን ነገር ግን በማግስቱ የሚያስታውስ የለም። የከተማው የውሃ ችግር በዚህ ሳሎን ውስጥ ብዙ ጊዜ ተፈትቷል።

ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ቀደመ።

«ወሪያ ሪድዋን፣ ጅራቱ የሚወዛወዘው ቀሎት ነው። ከባድ ነገር አይወዛወዝም። የባቢሌ ዝሆን ሲወዛወዝ አይተሃል?»

ከተቀመጡት መሀል የባቢሌን ዝሆን ያየ ሰው ስላልነበረ ሐሳቡ አለፈ። ጅራቱ ላይ ክብደት እንዲጨመር ተወሰነ።

ፋርማሲ ያለው ሰውዬ ቀጠለ። «ፍጥነት ነው የጎደለህ። ብስክሌት የምትወድቀው ቀስ ስትል አይደል? ቁልቁለት ላይ ስጠው፤ ራሱ ቀጥ ይላል።»

«ጎማውንም አስተንፍሰው» አለ ሌላው። «ለስለስ ሲል አስፋልቱን ይይዛል።»

ሆኖም የዕለቱን ክብር የወሰደው ጥጉ ላይ የተቀመጠ የጨርቅ ነጋዴ ነው። 

«ነዳጅ የሚጭኑትን ቦቴዎች አላያችሁም? ከኋላ ሰንሰለት መሬት ለመሬት ይጎትታሉ። ለምን ይመስላችኋል?»

«ለምንድነው?»

«ንፋሱን መሬት ለማስገባት ነዋ።»

«ማሻአላህ!» አለ የአውቶቡሱ ሹፌር።  እያንዳንዱ ሰው ይህን እንዴት ሳላስበው ቀረሁ እያለ ነበር።

ኪዳነወልድ ጉሮሮውን የጠረገው ያን ጊዜ ነው። ኪዳነወልድ የፊዚክስ መምህር ነው። ከአባቶቹ ጀምሮ አራት ትውልድ ሐረር ውስጥ ኖሯል፤ በርጫው ግን ተራው ሲደርስ አሁንም «እስቲ እንግዳችን ይናገር» ይለዋል።

«ክብደቱን ወደ ፊት አምጣው» አለ። «በርሜሎቹን ከጎማዎቹ ፊት አድርጋቸው። የተሳቢው አፍንጫ ጋንቾው ላይ ትንሽ መጫን አለበት፤ አሁን እያነሳው ነው። ጎማዎቹን በደንብ አስነፋ። ቁልቁለት ላይ ቀስ በል። ድንገት ከተወዛወዘም ፍሬን አትርገጥ፣ በመሪም አታሳደው። መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝና እግርህን ከነዳጁ አንሳ። ራሱ ይረጋል።»

«ጨረስክ?» አለ የአውቶቡሱ ሹፌር።

«ጨረስኩ።»

«አቦ ቲቸር፣ ይሄንንማ ሳንቅምም ልትነግረን ትችል ነበር።»

ሁሉም ሳቁ። የመምህሩ ጥፋት ይህ ነበር። ምርቃና ሳይመጣ የተገኘ መልስ በዚያ ሳሎን እንደ መልስ አይቆጠርም። ሪድዋንም ሳቁን አገዘ።

«ድስቶቹ ፊት ከሆኑ መጀመሪያ የሚወርደው ድንኳኑ ነው። ሥጋውን ድንኳን ላይ ልጣደው፣ ቲቸር?»

ኪዳነወልድ ተከፋ። ክብሩን ለማስመለስም ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ጀመረ። የተቃመበትን የጫት እንጨት ከምንጣፉ ላይ ሰብስቦ ተሳቢ ሠራ፤ የሲጋራ ፓኮ በርሜል ሆነ፤ ከዚያ ቀመር መጣ። የመግሪብ ሶላት እስኪደርስ ተናገረ። ሲጀምር ሁሉም የገባቸው ነገር ሲጨርስ ለማንም ግልጽ አልነበረም።

ዋፊቃ ከመጋረጃው ጀርባ ሩዝ ትለቅም ነበር። ሰዎቹ ሲወጡ መምህሩን በር ላይ አቆመችው።

«ቲቸር፣ ስለ ፍሬኑ ምን ነበር ያሉት?»

ኪዳነወልድ ቀመሩን ትቶ በአጭሩ ደገመላት። ዋፊቃ አመሰገነችውና ወደ ሩዟ ተመለሰች።

ቅዳሜ ከከተማው ውጭ፣ ድሬ ጠያራ ላይ ሰርግ ነበር። ዩሱፍ የሚባል ገበሬ ልጁን ይድራል። ሪድዋን በሳምንቱ ውስጥ የበርጫውን ውሳኔዎች አንድም ሳያስቀር ፈጸመ። ረጅም ሰንሰለት ገዝቶ ከተሳቢው ሥር አንጠለጠለ። የጎማዎቹን ንፋስ ቀነሰ። ለጅራቱ ክብደት ደግሞ ባርኮት የሚባለውን ተሸካሚና ጓደኛውን ከበርሜሎቹ ኋላ፣ ጫፉ ላይ፣ እግራቸውን አንጠልጥለው እንዲቀመጡ አደረገ። ሁለቱም ደልደል ያሉ ሰዎች ናቸው።

«ጋሼ» አለ ባርኮት፣ «እኛ አሁን ሠራተኛ ነን ዕቃ?»

«ሚዛን ናችሁ።»

ሁለቱ ሲቀመጡ ፒክአፑ ከኋላው ከመቼውም በላይ ብድግ አለ። ሪድዋን በእጁ መታ መታ አደረገው። ዋፊቃ የቅመም ባልዲዋን ክዳኑን በሻሽ ጠፍራ ጋቢና ገባች።

«በርሜሎቹን ወደ ፊት አድርጋቸው።»

«ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«እኔ ያልኩህንም ታውቃለህ።»

«አታዪም፣ ኢንሻአላህ። ሰንሰለት አለው።»

ሰንሰለቱ ሥራውን የጀመረው ከግቢው ሳይወጣ ነው። ይጮሃል፤ አስፋልት ሲነካ ብልጭ ብልጭ ይላል። ሰው ከየሱቁ ወጥቶ አየ። አንድ ሽማግሌ እነ ሪድዋን ብረት የጣሉ መስሏቸው እጃቸውን እያውለበለቡ ተከተሏቸው። ሪድዋን በመስኮት ሰላም አላቸው። ሜዳው ላይ፣ በዝግታ፣ ሁሉ ነገር መልካም ነበር።

ቁልቁለቱ ሲመጣ ሪድዋን የፋርማሲውን ሰውዬ ምክር አስታወሰና ነዳጅ ሰጠ።

ተሳቢው መጀመሪያ ትከሻውን እንደሚያሳክከው ሰው ትንሽ ተነቃነቀ። ከዚያ በግራው መስታወት ታየ። ከዚያ በቀኙ። ከዚያ በግራው፣ ከበፊቱ በሰፊው። ከኋላ የባርኮት ድምፅ መጣ፤ የሚጠራው የአላህን ስም ነው። ሪድዋን መሪውን እያሽከረከረ እግሩን ወደ ፍሬኑ ላከ።

«እግርህን አንሳ!»

ዋፊቃ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ መኪና ውስጥ ጮኻበት አታውቅም። የሪድዋን እግር በድንጋጤ አየር ላይ ቀረ።

«ፍሬኑን እንዳትነካ! መሪውን ቀጥ! ቀጥ አድርገህ ያዘው!»

ያዘው። እግሩም ከፍሬኑም ከነዳጁም ርቆ ተንጠልጥሎ ቆየ። ፒክአፑ በራሱ እየቀዘቀዘ ሄደ። ተሳቢው አንድ ጊዜ ወደ ግራ ሄደ፤ ወደ ቀኝ ሲመለስ አነሰ፤ ከዚያም አነሰ። መጨረሻ ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይከተል ጀመር። ሪድዋን ወደ ዳር አውጥቶ አቆመ።

ባርኮት ወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ። ጓደኛው ከሩቅ ይመጣ ነበር፤ ቀደም ብሎ ወርዷል።

«ጋሼ» አለ ባርኮት፣ «የጠራኸኝ ለሰርግ ነው ለጀናዛ?»

ዋፊቃ ስልኳን አወጣች።

«ለማን ነው?»

«ለአንዋር።»

«ቆይ፣ ቆይ እንጂ! ረጋ እኮ። አላየሽም?»

«የረጋው እግርህን ስላነሳህ ነው። እኔ ቃሌን ሰጥቼሃለሁ። ጅራቱ ሲወዛወዝ አይቻለሁ።»

«ዋፊቃ።»

«አቤት።»

«ምን ላድርግ?»

ይህን ጥያቄ ስለ መኪና ለማንም አቅርቦ አያውቅም። ዋፊቃ ስልኩን እንደያዘች ወደ ተሳቢው አመለከተች።

«በርሜሎቹም ድስቶቹም ወደ ፊት።»

«አባቴ እኮ…»

«አባትህ፣ አላህ ይማራቸው፣ ሕጉን ያወጡት ለጀጎል ነው። እዚህ የቱ ጋ ነው በሩ? የቱ ጋ ነው ጠባቡ መንገድ? ኦቦ ዩሱፍ ግቢ ድረስ በመኪና ትገባለህ። የተሳቢውን ጎን ከፍተህ የፈለግከውን መጀመሪያ ታወርዳለህ።»

ሪድዋን ዙሪያውን ተመለከተ። በግራ የማሽላ ማሳ ነበር። በቀኝ የጫት ማሳ ነበር። ግንብ አልነበረም። ወደዚህ አገር ለሰርግ ሲመላለስ ኖሯል፤ በየጊዜውም ሜዳ ላይ ላለ ቤት እንደ ጀጎል ቤት ጭኗል።

«ጎኑ አይከፈትም» አለ።

«ይከፈታል» አለ ባርኮት ከመሬት ሳይነሳ። «በያጁ ማጠፊያ አድርጎለታል። አንተ ነህ በላዩ ላይ ቀለም ያስቀባህበት።»

ባርኮት ተነስቶ በድንጋይ መታ መታ ሲያደርገው አረንጓዴው ቀለም ተሰነጠቀ፤ ጎኑም ወረደ።

ሸራውንና ብረቱን አውርደው በርሜሎቹን በጠርዛቸው እያሽከረከሩ ከጎማዎቹ ፊት አመጧቸው። ድስቶቹና ምድጃዎቹ ተከተሉ። ሸራው ወደ ጅራቱ ሄደ። የተሳቢው አፍንጫ ጋንቾው ላይ ተጫነ፤ ፒክአፑም ከኋላው ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ባርኮትና ጓደኛው ሚዛንነታቸው አብቅቶ ፒክአፑ ላይ ካሉት ወንበሮች ላይ ወጡ። ቁልቁለቱ ሥር ካለው ጎሚስታ ዘንድ ጎማዎቹን አስነፉ።

ሪድዋን ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ዞር አለ።

«አንድ ነገር ግን አለ። ይሄ እዚሁ ይቅር። በርጫው አይስማ።»

«እኔ በርጫ ላይ አልቀመጥም። ለማንም አልናገርም። አንተ ግን ከእንግዲህ ድስቶቼን ወደ ኋላ አትጭንም።»

«ወላሂ አልጭንም።»

ዋፊቃ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች።

የቀረውን መንገድ በዝግታ ነዳ። ተሳቢው በአንዱም መስታወት ብቅ አላለም። 

«አስፋልቱ ከዚህ ወዲያ ጥሩ ነው» አለ ሪድዋን በመጨረሻ።

አስፋልቱ ካለቀ ቆይቷል።

ዩሱፍ ግቢው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። «እንኳን ደህና መጣችሁ! ድስቶቹ መጡ?» አለ። መጥተዋል። የተሳቢው ጎን ተከፈተ፤ ድስቶቹ መጀመሪያ ወረዱ፤ ድንኳኑ ቀጥሎ ወረደ። ማንም ልዩነት አላየም። በርሜሎቹ ሲወርዱ ግን ዩሱፍ ግራ ገባው።

«ውሃ ለምን ተሸከማችሁ? ግቢ ውስጥ ጉድጓድ አለኝ እኮ።»

ለካ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ሰርጉ አማረ። ሩዙ ተረፈ። ዩሱፍ ሲሸኛቸው ዋፊቃን መርቆ ሪድዋንን ጨበጠው።

እሑድ ከሰዓት በርጫው ሞልቶ ጠበቀ። ሰንሰለቱን በከተማው ያልሰማ አልነበረም።

«እህ ሪድዋን? እንዴት ሆነ?»

ሪድዋን መደቡ ላይ ተደላደለ። እውነቱን ለመናገር የሚበቃ ጊዜ ነበረው። ኪዳነወልድ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ከመጋረጃው ጀርባ ናት። ሪድዋን አንዲት ለምለም ቅጠል መርጦ ቀነጠበ፤ አኘከ።

«ሰንሰለቱ ነው» አለ።

ሳሎኑ ተናጋ። የጨርቅ ነጋዴው ከጥጉ ተነስቶ ከፍ ወዳለው መደብ እንዲዛወር ተደረገ። የአውቶቡሱ ሹፌር ሰንሰለቱ ብቻውን እንደማይሆን፣ የጅራቱ ክብደት እንዳገዘው አስረዳ። የፋርማሲው ሰውዬ ስለ ፍጥነቱ አስታወሰ። ሁሉም ድርሻውን ወሰደ።

«ጭነቱን አልነካህም?» አለ ኪዳነወልድ።

«አልነካሁም።»

«በርሜሎቹ ከኋላ ነበሩ?»

«የት ሊሆኑ ነው ታዲያ?»

 መምህሩ ስልኩን አወጣና ሰንሰለት በሚጎተት ተሳቢ ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ መፈለግ ጀመረ። ሳምንቱን ሙሉ ፈለገ። ሪድዋን «አልነካሁም» ካለ ጀምሮ ከመጋረጃው ጀርባ የሩዝ ለቀማው ድምፅ ተቋርጦ ነበር።

ቀጣዩ ሰርግ እንደገና አወዳይ ነበር። የበርጫው ሰዎች ሰንሰለቱን በዓይናቸው ለማየት የሪድዋን መጋዘን በር ላይ አንድም ሳይቀሩ ተሰለፉ። የጨርቅ ነጋዴው ወንድሙን ይዞ መጥቷል። ሪድዋን ሰንሰለቱን በዘይት ወልውሎታል።

ባርኮት የመጀመሪያውን በርሜል ይዞ ተሳቢው ላይ ወጣ።

«ጋሼ፣ ወደ ፊት ነው አይደል? እንደዚያ ቀን?»

ሰዎቹ ወደ ሪድዋን ዞሩ።

«እንደየትኛው ቀን?» አለ ሪድዋን። «ወደ ኋላ ነው እንጂ!»

«ቅዳሜ ዕለት እኮ…»

«ባርኮት! ወደ ኋላ አልኩህ።»

በርሜሉ ወደ ኋላ ሄደ። ሁለተኛው ተከተለው። ምድጃዎቹም ከጎኑ ተደረደሩ። ዋፊቃ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የመጀመሪያው ድስት ጅራቱ ላይ እስኪቀመጥ ጠበቀች።

«አውርዱት» አለች።

«ምን ሆንሽ?» አለ ሪድዋን።

«ምንም። አውርዱት። ምድጃዎቹንም፣ በርሜሎቹንም።»

ሪድዋን ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ፊት ነው እኮ። እስከ ማደያው ብቻ፤ ከዚያ እናዞረዋለን።»

«ወላሂ ብለሃል።»

ከዚህ በላይ አልተናገረችም። ስለ ድሬ ጠያራው መንገድ ለማንም አልተነፈሰችም፤ ቃል ገብታ ነበር። ሰዎቹ የሴት ቁጣ ነው፣ ሲመሽ ይበርዳል ተባባሉ። ዋፊቃ ስልኳን አውጥታ ደወለች።

አይሱዙው የመጣበት ፍጥነት አንዋር ሞተር አስነስቶ ጥግ ላይ ይጠብቅ ነበር አሰኘ። ወርዶ ሁሉንም ሰላም አለ። ድስቶቹን ራሱ እየተሸከመ ጫነ።

ሪድዋን ድንኳኑንና ወንበሮቹን ብቻ ይዞ ሰንሰለቱን እያስጮኸ ወጣ። ተሳቢው ላይ የቀረው ከፊት የተጫነው ሸራና ብረት ነው። በሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ሄደ። የአወዳዩ ቁልቁለት ላይም ቀጥ ብሎ ሄደ። ሪድዋን ነዳጅ ጨመረ። የጫት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ አለፈው፤ ተሳቢው ንቅንቅ አላለም። ሪድዋን ዳር ይዞ ቆመና ለጨርቅ ነጋዴው ደወለ።

«ሰማንያ ሰጥቻት ነው የወረድኩት! ፀጉር አላነቃነቀችም! ሰንሰለት ነው፣ ሰንሰለት!»

በዚያ ሳምንት ሌሎች ሁለት ባለ ተሳቢዎች ሰንሰለት ገዙ።

የዋፊቃ ድስቶች ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጓዙት በአንዋር አይሱዙ ነው። ሪድዋንና ዋፊቃ አልተፋቱም። ደንበኞች ድስቶቹን ተከትለው ድንኳኑን ከአንዋር መከራየት ጀመሩ፤ ከረመዳን በኋላ አንዋር ሁለተኛ ድንኳን ገዛ።